እናቴ ዲያሊሲስ ላይ ሆና እየከሳች ነው፤ ምን ላብላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሳምንት 3 ጊዜ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ሚዛን ላይ ኪሎዋ ያው ነው፤ ክንዷ ግን አልቋል፣ ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቃል። እጥበት ሳትጀምር «ፕሮቲን ቀንሺ» ተብላ ስለነበር አሁንም እንቁላል ስሰጣት እምቢ ትላለች። ሥጋማ ጭራሽ አትነካም። በጣም ጨንቆኛል።

መልስ 1፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ዲያሊሲስ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ያ ምክር ለዚያን ጊዜ ትክክል ነበር። እጥበት ከተጀመረ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ ሰውነት ፕሮቲን የሚሠራባቸውን አሚኖ አሲዶችም አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 50 ኪሎ ከሆነች ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ኪሎዋ አለመቀነሱ ደግሞ አያታልልሽ፤ ጡንቻዋ ሲያልቅ የተጠራቀመ ውሃ ሚዛኑን ይሞላዋል። ደረቅ ክብደቷ፣ ማለትም ትርፉ ውሃ ከወጣ በኋላ ያለው ኪሎዋ፣ እንደገና እንዲታይ ጠይቂ።

መልስ 2፦ እኔ አባቴን ሳስታምም የጠቀመን ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ማብላት ነው። የሥጋ ሽታ ሲያስጠላው ቀዝቀዝ አድርገን እንሰጠው ነበር።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! በደሟ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከፍ ብሏል ተብላለች፤ እንቁላሉ አይጎዳትም?

መልስ 1፦ ነጩን አብዢላት፤ ፎስፈረሱ በብዛት ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። ፎስፈረሱን የሚቀንሰውን መድኃኒቷን ከምግብ ጋር ትውሰደው፤ በባዶ ሆድ ብዙም አይሠራም። ፍላጎቷ ጭራሽ ከጠፋ ግን ብቻሽን አትታገይ። ለሐኪሟና ለሥነ ምግብ ባለሙያ ንገሪ፤ ለኩላሊት ታማሚ የተዘጋጀ የሚጠጣ ማሟያ ሊያዙላት ይችላሉ።