ኤድመንተን የመጀመሪያ ክረምቴ ነው፣ እናንተ እንዴት ነው የቻላችሁት?

ሀዋሳ_ናፈቀኝ፦
ሰላም ወገኖች፣ ረጅም ነው ይቅርታ አድርጉልኝ። ካናዳ ኤድመንተን ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። ሰኔ ላይ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ነበረች፣ መጋረጃ ዘግቼ ነበር የምተኛው፣ ሰዎች ክረምቱን ሳታዪ አታውሪ ሲሉኝ ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች 31 ነበር ያውም ነፋሱ ሳይቆጠር፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ ሰርቶ የላይኛውና የታችኛው ተጣበቀብኝ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ሁሉ ሲደርቅ ይሰማኛል፣ ምን ዓይነት ሀገር ነው በናታችሁ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ ከብርዱ በላይ የጎዳኝ ጨለማው ነው። እኔ እስካሁን በኛ ሰዓት ነው የምቆጥረው፣ እኛ ጋ 12 ሰዓት ማለት ነጋ ማለት ነው አይደል? እዚህ ታህሳስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለ3 ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው፣ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ ገባች። ስራዬ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ነው፣ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ፣ የተከራየሁት ደግሞ ቤዝመንት ነው። ፀሐይ የማየው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆነ፣ እሱንም ደክሞኝ ተኝቼ ያልፈኛል። እማዬ ስትደውል "በዚህ በጋ ምን ብርድ ብርድ ትያለሽ" ትለኛለች፣ ምን ብዬ እንደማስረዳት ግራ ገባኝ።

ጥያቄዎቼ፦ ጃኬት የግድ ውዱን ነው የሚገዛው? እንቅልፍና ልቅሶ ያበዛሁት እኔ ብቻ ነኝ ወይስ እናንተም ነበራችሁ? እና አትሳቁብኝ፣ ሊጥ አልነሳ አለኝ፣ አራት ቀን ሙሉ ዝም። መኪና ልግዛ እያልኩም ነው ግን በዚህ ብርድ መንዳት ራሱ አስፈራኝ።

አስራ_አራተኛ_ክረምት፦
አይዞሽ እህቴ፣ የሁላችንም የመጀመሪያው ክረምት እንደዚህ ነበር። እኔ ስመጣ በስስ የቆዳ ጃኬት ነው ከኤርፖርት የወጣሁት፣ አዲስ አበባ ላይ በሱ ነበር የምኮራው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቀረ።

ጃኬትን በተመለከተ ያቺን ክንዷ ላይ ክብ ምልክት ያላትን የሺህ ምናምን ዶላር ጃኬት እርሻት። ቫሊው ቪሌጅ ሂጂና ፈልጊ፣ ሰዎች ትንሽ ለብሰው የሚጥሉት ጥሩ ጥሩ ነገር አለ። ዋናው ነገር አደራረቡ ነው፣ ሰውነትሽ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን የሱፍ ወይ የፖሊስተር ነገር፣ ከላዩ ሹራብ ወይ ፍሊስ፣ ከዛ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ዳሌሽን የሚሸፍን። ጥጥ ከስር እንዳትለብሺ፣ እኛ አበሾች ጥጥ ስንወድ፣ ጋቢ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ወደር የለውም ውጪ ግን ጥጥ ላብ ይዞ ያስቀራል፣ እርጥብ የሆነ ልብስ ደግሞ በዚህ ብርድ ከራቁትነት አይሻልም። ጓንት አምስት ጣት ያለውን ተይው፣ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበትን የህፃን የሚመስለውን ግዢ፣ ጣቶችሽ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ቡት ደግሞ ከቁጥርሽ ከፍ ያለ፣ እኔ መጀመሪያ ሶስት ካልሲ ደርቤ ጠባብ ቡት ውስጥ እግሬን አፍኜው ነበር፣ ደም መዘዋወሪያ አጥቶ ከድሮው ባሰብኝ።

የአየር ሁኔታ ስታዪ ዲግሪውን ብቻ አትዪ፣ ከስሩ ነፋሱ ታስቦ የሚፃፈውን እዪ። እሱ ከዜሮ በታች 28 ሲገባ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይመታል፣ 40 ሲደርስ 5 ደቂቃም ሊበቃ ይችላል። ጉንጭሽ ወይ ጆሮሽ ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ አትሺው፣ ማሸት ቆዳውን ይጎዳዋል፣ ቤት ግቢና ለብ ባለ ውሃ ነው። አውቶቡሱ ቆይቶ ከሆነ የሚመጣው ደግሞ እዛው ቆመሽ አትጠብቂ፣ ስልክሽ ላይ የት እንደደረሰ እያየሽ ቅርብ ያለ ሱቅ ውስጥ ግቢ፣ ማንም አያባርርሽም። ዳውንታውን ከሆንሽ በፔድዌዩ ህንፃ ለህንፃ ውጪ ሳትወጪ ብዙ ቦታ መሄድ ትችያለሽ።

የሴንት_ፖል_እትዬ፦
ልጄ እኔ ሚኒሶታ ነኝ 22 ዓመት ሆነኝ። እኛ ብርዱን በፋራናይት ነው የምንቆጥረው፣ ከዜሮ በታች 40 ላይ ግን ያንቺም የእኔም ቁጥር አንድ ይሆናል፣ እዛ ላይ እንገናኛለን እንግዲህ። በ2019 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ እዚህ ፖስታ ቤቱ እንኳን ደብዳቤ አላድልም ብሎ የዘጋበት ቀን ነበር፣ እሱንም አልፈነዋል።

የሊጡ ነገር አያሳፍርም፣ ሁላችንም ተፈትነንበታል። እርሾ ብርድ ከነካው ይተኛል እንጂ አይሞትም። ቤዝመንት ነው ካልሽ ወለል ላይ እንዳታስቀምጪው፣ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ከስር ይገባበታል። ኦቨኑን ሳታሞቂው መብራቱን ብቻ አብርተሽ ሊጡን ውስጥ ክተቺው፣ ያቺ አምፖል የምትሰጠው ሙቀት ትበቃዋለች፣ በሁለት በሶስት ቀን ይነሳልሻል። እርሾውንም በክረምት ከወትሮው ጨመር አድርጊ፣ ውሃውም ለብ ያለ ይሁን። ብቻ ኦቨኑ ላይ ወረቀት ለጥፊበት፣ እኔ ሳልለጥፍ ልጄ ፒዛ ላሙቅ ብሎ አበራው፣ ከነፕላስቲክ እቃው ቀለጠ፣ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሸተተ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ቡና ስታፈዪ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥዪ። በበጋ ውጪ በረንዳ ላይ የምናደርገውን በክረምት መስኮት ዘግተን ደገምነው፣ የከሰል ጭስ ደግሞ የሚገድለው በሚታየው አይደለም ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባለው በማይታየው ጋዝ ነው፣ ሽታም የለውም፣ ራስ ምታት ያዝ ያደርግሽና ትንሽ ልተኛ ብለሽ በዛው ነው። ሀገር ቤትም ሐምሌ ነሐሴ ላይ ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ያልተነሱ ስንት አሉ። ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዢ፣ ጀበናውን እሷ ላይ ጣጂ። ዕጣን ስታጨሺ ጣራ ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ጮሀብኝ ብለሽም ባትሪውን እንዳታወጪ፣ ብዙ ሰው ያወጣውና ረስቶት ይቀራል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠቆሚያ ቤትሽ መኖሩንም አከራይሽን ጠይቂ፣ ፈርነስ (የቤቱ ማሞቂያ) ያለበት ቤዝመንት ስለሆንሽ ግድ ነው።

ቫንኩቨር_ዝናብ፦
ወደ ቫንኩቨር ነይ በቃ፣ በረዶ ቢበዛ ሳምንት ነው የሚቆየው 😂

አስራ_አራተኛ_ክረምት፦
@ቫንኩቨር_ዝናብ የቤት ኪራዩን አንተ ትከፍልላታለህ? ያው ለስድስት ወር ደመና ስር ተቀምጠህ ነው ይሄን የምትፅፈው።

ስቶክሆልም_በሻማ፦
እኔ ስለ ጨለማው ልፃፍ፣ እሱ የኔ ርዕስ ነው። እኛ ጋ ታህሳስ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ወደ ሰሜን ኪሩና ብትሄጂ ደግሞ ለሳምንታት ጭራሽ አትወጣም። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ በቀን 11 ሰዓት እየተኛሁ ደክሞኛል እል ነበር፣ ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ነው የሚያምረኝ፣ ሰው ሲደውል አላነሳም፣ እኔ ሰነፍኩ ብዬ ነበር ራሴን የምወቅሰው። እናቴም ዓይነ ጥላ ነው ፀበል ሂጂ አለችኝ፣ ፀበሉንም አልጠላሁም። በኋላ ነው ሀኪሟ ስም ያለው ነገር መሆኑን የነገረችኝ፣ የወቅት ድብርት ነው። ይሄን በፈረንጆቹ 1984 ስም ሰጥተው ከፃፉት ሀኪሞች ዋናው ኖርማን ሮዘንታል ይባላል፣ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ አሜሪካ መጥቶ ክረምት ሲገባ ጉልበቱ ሲከዳው በራሱ አይቶ ነው የጀመረው። ያው እንደኛ ፀሐይ ለምዶ የመጣ ሰው።

የሚረዳው ነገር 10,000 ሉክስ የሚል የተፃፈበት የብርሃን መብራት ነው፣ ጠዋት እንደተነሳሽ ሻይሽን እየጠጣሽ ለ20 ወይ ለ30 ደቂቃ ፊት ለፊትሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ትክ ብለሽ አትዪውም ጎንሽ ይብራ። ማታ እንዳትጠቀሚው እንቅልፍ ይከለክልሻል። የዓይን በሽታ ካለብሽ ወይ ስሜትሽ ባንዴ ከፍ ባንዴ ዝቅ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ሀኪም ጠይቂ። ሁለተኛ የምሳ ሰዓትሽ ላይ ከመጋዘኑ ውጪ፣ 15 ደቂቃም ቢሆን፣ ደመና ቢሆንም የውጪው ብርሃን የቤቱን አምፖል በብዙ ይበልጠዋል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ለኛ ለጥቁሮች የባሰ ጉዳይ ነው ምክንያቱም ቆዳችን ለመስራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በዛ ላይ በናንተና በኛ ኬክሮስ በክረምት ፀሐይዋ ብትወጣም ጨረሯ ደካማ ነው ቆዳ ላይ ቫይታሚኑን አትሰራም። ካናዳ ለአዋቂ በቀን 600 ዩኒት ነው የሚመክሩት፣ ወተት ውስጥም ይጨምሩበታል ግን አንቺ የምትፆሚ ከሆነ የነቢያት ፆም ልክ በዚህ ጨለማ ላይ ስለሚውል ወተቱም ቀረ ማለት ነው፣ ስለዚህ ክኒኑን ውሰጂ። ልቅሶው ከበዛ፣ መኖር ካስጠላሽ ግን መብራት አይደለም ሀኪም ነው፣ እሱን አትቆዪ።

ካልጋሪ_ታክሲ፦
የመኪናውን እኔ ልመልስ። እዚህ ስመጣ መኪኖች አፍንጫቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ተንጠልጥሎ ሳይ ሀገሩ በሙሉ በኤሌክትሪክ መኪና ነው እንዴ የሚነዳው ብዬ ተገርሜ ነበር ሃሃ። ብሎክ ሄተር ይባላል፣ ሞተሩን የሚያሞቅ ነው፣ ከዜሮ በታች 15 እና 20 ሲወርድ ማታ ትሰኪዋለሽ። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም፣ ታይመር ገዝተሽ ከመነሳትሽ 4 ሰዓት በፊት እንዲጀምር አድርጊው፣ የመብራት ሂሳብሽን ያድንልሻል። ስትገዢ ብሎክ ሄተር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ የምትከራዪበትም ፓርኪንግ መሰኪያ እንዳለው እዪ። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ክረምት ሳይገባ ቀይሪው፣ በመጀመሪያው ውርጭ ነው የሚከዳሽ።

ጎማ የክረምቱን ግዢ። አልበርታ ላይ ህጉ አያስገድድም እንደ ኬቤክ አይደለም፣ ግን ተራው ጎማ ከዜሮ በላይ ካለው 7 ዲግሪ ሲወርድ ጀምሮ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል አይዝልሽም። ነዳጅ ከግማሽ በታች አታውርጂ፣ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስና ሻማ አካፋም አይጥፋ። አንሸራተተሽ ማለት ፍሬን ላይ መቆም አይደለም፣ እግርሽን አንሺና መሪውን መሄድ ወደምትፈልጊበት ያዢ፣ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ወጥተሽ ተለማመጂው፣ ደስ ይላል ራሱ። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በሩን ዘግተሽ አታሙቂ፣ እትዬ ስለ ከሰል ያሉት እዛም አለ።

በነገራችን ላይ ጃንዋሪ 13 2024 ማታ እዚህ ነበራችሁ? የሁሉም ሰው ስልክ አንዴ ጮኸ፣ ጦርነት መሰለኝ፣ ለካ የአልበርታ መንግስት መብራት ሊያጥረን ነው ቀንሱ እያለ ነው። ፈረንጅ ጎረቤቴ ሲደነግጥ እኔ ሻማዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ተረጋግቼ ቁጭ፣ የዓመታት ልምድ አለኛ! ሰዉ እውነትም አጠፋፋና ሳይጠፋ አለፈ።

ማኪያቶ_ያለስኳር፦
ኤድመንተን ነኝ እኔም ሴት ነኝ ብቻዬን ነኝ። ማንም ያላለው አንድ ነገር፣ ሙታርት ሂጂ፣ ወንዙ ጋ ያሉት የመስታወት ፒራሚዶች አራት ናቸው፣ ውስጣቸው አትክልት ነው። የቆላውን ስትገቢ መነፅርሽ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ የእርጥብ አፈርና የቅጠል ሽታ አለ፣ እኔ ጂማ አያቴ ጓሮ የገባሁ መስሎኝ ቆሜ አልቅሻለሁ፣ ጥሩ ልቅሶ ነበር ግን። መግቢያ ያስከፍላል፣ መፅሐፍ ይዤ ሄጄ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ።

ሀዋሳ_ናፈቀኝ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አንብቤ ሳቅሁም አለቀስኩም። ከሰሉን አውጥቼዋለሁ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት ባለፈው እሁድ ራሴን አሞኝ ነበር ከቡና በኋላ፣ ድካም ነው ብዬ። መጠቆሚያውን አከራዬን ጠየቅሁት፣ ነገ አደርጋለሁ አለ፣ ነገ ካላደረገ እኔው እገዛለሁ። መብራቱን አዘዝኩ። ምሳ ሰዓት መውጣት ጀመርኩ፣ የስራ ባልደረቦቼ አበደች እያሉ ነው። ቅዳሜ ሙታርት እሄዳለሁ፣ @ማኪያቶ_ያለስኳር ከፈለግሽ አብረን።

ሊጡ ኦቨን ውስጥ ነው፣ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ላዩ ላይ ውሃ ቀርሯል አረፋም አይቻለሁ!! ለገና ይደርሳል አይደል?

የሴንት_ፖል_እትዬ፦
ይደርሳል ልጄ። የቀረረውን ውሃ ድፊና አብሲቱን ጣይ። ወረቀቱን ለጠፍሽ?

ሀዋሳ_ናፈቀኝ፦
ውይ፣ አሁኑኑ!