ጫት ለመቀነስ በስልክ የሚሠራ ራስ አገዝ ፕሮግራም ይረዳል? እንዴትስ እንፈትሸው?

ጥያቄ፦ መምህሩ ከሄርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ 31 ዓመቴ ነው። ጫት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለጥናት ተብሎ ነበር። ጥናቱ አለቀ፤ ጫቱ ግን አብሮኝ ቀረ።

አሁን አራት ሆነን በአንዱ ጓደኛችን ቤት ከምሳ በኋላ እንሰበሰባለን። ፍራሽ፣ ቴርሞስ፣ ለውዝ፣ አንድ ፌስታል ጫት። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ደስ ይላል። ምርቃናው ሲመጣ ግን ሁሉም ዝም ይልና ስልኩ ላይ ያፈጣል። ሲመሽ ሁለቱ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይወጣሉ። እኔ ቤቴ ገብቼ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጣራ ሳይ እቆያለሁ። ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀኝ እንኳ ያናድደኛል። ይኼ የኔ ጠባይ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ገራባውን፣ የጫቱን ትራፊ፣ እየሰበሰብን ሳለ የጓደኛችን የ4 ዓመት ልጅ ገባች። ከገራባው አንድ ቅጠል አነሳችና ጉንጯን ልክ እንደኛ ወጥራ አሳየችን። አባቷ ቅጠሉን ከአፏ ሲያወጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያኑ ዕለት እንቀንስ ተባባልን።

ሐኪም ቤት ለመሄድ አፈርን። ጅማ ሰው ለሰው ይተዋወቃል፤ የተማሪዎቼ ወላጆች ባሉበት ወረፋ መያዝ ከበደኝ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ራስ አገዝ ፕሮግራም ፈለግሁ። ያገኘኋቸው በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ስለ ካናቢስ፣ ስለ ኮኬይንና ስለ አልኮል የሚያወሩ ናቸው። ለጫት ያደርጋሉ? በእርግጥስ ይሠራሉ? ሁለታችን ፕሮግራሙን ይዘን፣ ሁለቱ ደግሞ ያለ ፕሮግራም ሆነው ብንፈትሸው ብለን አስበናል። የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፦ የጤና ምርምር ተማሪ

ሰላም መምህር። የሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። አጭሩ መልስ፣ ይረዳሉ፤ ግን እርዳታቸው መጠነኛ ነው፤ የሚከታተል ሰው ከሌለበት ደግሞ አቅማቸው ይቀንሳል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ካንሪዱስ የሚባል የካናቢስ መቀነሻ ፕሮግራም አለ። የሙከራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። 308 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ፕሮግራሙ ተሰጠው፤ ከባለሙያ ጋር በጽሑፍ መነጋገርም ተፈቀደለት። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ብቻ ተሰጠው። ሦስተኛው ተራ ጠባቂ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ወዲያው አልተሰጠውም። ከሦስት ወር በኋላ ከተራ ጠባቂዎቹ በግልጽ ተሽሎ የተገኘው ባለሙያ የማነጋገር ዕድል የነበረው ቡድን ነው። ፕሮግራሙን ብቻ የያዙት ያን ያህል አልተለዩም።

ተራ ጠባቂ ለምን አስፈለገ? ሰው እርዳታ የሚፈልገው ሲብስበት ነው። እናንተም የተነሳችሁት ልጅቷ ቅጠሉን አፏ ውስጥ ባደረገች ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራም ባይኖርም ደንግጣችኋልና ትንሽ ትቀንሳላችሁ። ማነጻጸሪያ ከሌለ ምስጋናውን ሁሉ ፕሮግራሙ ይወስደዋል።

ሌላው ነገር የሚያቋርጡ ሰዎች ጉዳይ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት እሱ ነው። እዚያው ጥናት ላይ ከሦስት ወር በኋላ መልስ የሰጡት ከግማሽ በታች ናቸው። እስቲ 10 ሰው ጀመረ በል። 7ቱ በሁለተኛው ሳምንት ጠፉ። 3ቱ ጨረሱ፤ ሦስቱም ተዉ። ማስታወቂያው «የጨረሱት ሁሉ ተዉ» ይላል። እኛ ግን በእርግጠኝነት የምናውቀው ከ10 ሰው 3 መተዉን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ቁጥር ሲያሳይህ ከጀመሩት ነው ወይስ ከጨረሱት ብለህ ጠይቅ። መልስ ከሌለው እለፈው።

ሁለት ለሁለት መከፈሉን ተዉት። አራት ሰው በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ አንድ ፍራሽ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች አንዱ ሲቀንስ ሌላውም ይከተላል። ይልቅ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር አወዳድሩ። ፕሮግራሙን ሳትከፍቱ፣ ምንም ለመቀነስ ሳትሞክሩ፣ ሁለት ሳምንት መዝግቡ። ስንት ቀን ቃማችሁ፣ ስንት ሰዓት ቆያችሁ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ተኛችሁ። ከዚያ ጀምሩ። በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ያንኑ ለኩ። በብር ብቻ አትለኩ፤ ዝናብ ሲጠፋ ጫት ስለሚወደድ የቃማችሁት ቢቀንስም ብሩ ላይቀንስ ይችላል።

መልስ፦ ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)

መምህር፣ አይዞህ። ስለ ፕሮግራሙ ከማውራቴ በፊት ጨብሲ የሚወጡት ጓደኞችህ ያሳስቡኛል። ምን ያህል ይጠጣሉ?

ጫት ሲቆም የሚመጣው ድካም፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ ድብርትና ቅዠት ነው። ዱካክ የምትሉትም ይመጣል። ያስጨንቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እያደር ይለቃል። የአልኮል ነገር ሌላ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ለእንቅልፍ ብሎ ዲያዜፓም የለመደ ሰውም እንደዚሁ። እነዚህን በስልክ ፕሮግራም አታስቁሟቸው፤ ሐኪም እያየ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

የዓለም ጤና ድርጅት አሲስት የሚባል መጠይቅ አለው። 8 ጥያቄ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ምን ያህል ጊዜ ተጠቀምክ፣ ምን ያህል አማረህ፣ ከጤናህ ወይም ከገንዘብህ ምን ጎዳ፣ በእሱ ምክንያት ያልሠራኸው ሥራ አለ ወይ፣ ዘመድ ሰግቶልህ ያውቃል ወይ፣ ልትቀንስ ሞክረህ አልሆን ብሎህ ያውቃል ወይ ይላል። ጫት በስም ከሌለ «ሌላ» የሚለው ላይ ጻፈው። ነጥቡ እስከ 3 ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከ4 እስከ 26 መካከለኛ፤ 27 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። ለአልኮል ዝቅተኛው እስከ 10 ይደርሳል። ራስ አገዝ ነገር ደህና አድርጎ የሚያገለግለው መካከለኛውን ነው። 27 የደረሰ ሰው ባለሙያ ይየው።

ከመካከላችሁ ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው እየተከታተለኝ ነው የሚል፣ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ካለ ነጥብ አትቁጠሩ። የዚያኑ ቀን ይዛችሁት ሂዱ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ስለ ሐፍረቱ ይገባኛል። እኛ ግን አስተማሪም፣ ነጋዴም፣ ሹፌርም እናያለን፤ የታካሚን ምስጢር መጠበቅም ግዴታችን ነው።

መልስ፦ የቆቺው

እኔ ከእነዚህ የእንግሊዝኛ ፕሮግራሞች አንዱን ሞክሬአለሁ። ስምንት ዓመት በርጫ ላይ ከቆየሁ በኋላ ነው። ሲከፈት «ምን ትጠቀማለህ?» ይላል። ጫት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ «ሌላ» ብዬ ገባሁ። «በቀን ስንት ግራም?» ይላል። እኔ የማውቀው በዙርባ፣ በእስር ማለት ነው። በግራም ፈንታ ዙርባ እያልኩ ሞላሁት፤ ችግር አልነበረውም፤ ቁም ነገሩ በአንድ ዓይነት መለኪያ መቀጠል ነው።

አንዳንዱ ምክር ለኛ አገር አይመችም። «የሻጩን ስልክ ቁጥር አጥፋ» ይላል። እኔ ሻጯን በስልክ አይደለም የማገኛት፤ የሰፈሬ መታጠፊያ ላይ ነው የምትቀመጠው። ደንበኛዋ ነኝ፤ ሰላም ሳልላት ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ባጃጁን ከመታጠፊያው አንድ ፌርማታ አልፌ እወርድና በጀርባ በኩል እገባ ነበር። ደቂቃዎች ይጨምራል፤ ግን አዳነኝ።

የጠቀመኝ የሀራራ መዝገቡ ነው። ሲያምርህ ሰዓቱን፣ የነበርክበትን ቦታ፣ ምን እያደረግህ እንደነበር ትጽፋለህ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሚያምረኝ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩን ሳየው ግን ገጹ ሁሉ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ምሳ በልቼ እጄን ስታጠብ። እጄ እንደረጠበ እግሬ ወደ በር ይሄዳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ምሳዬን ሥራ ቦታ አደረግሁና ከበላሁ በኋላ ወደ ጅረን አቅጣጫ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሀራራ ማዕበል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከቻልከው ያልፋል።

ሦስተኛው ትምህርት ላይ ግን አቋርጬ ነበር። ካርድ አልቆብኝ፣ ከዚያ ስንፍና ይዞኝ ሁለት ሳምንት ጠፋሁ። የመለሰችኝ ታላቅ እህቴ ናት። በየዓርቡ «ደብተርህን አምጣ» ትለኝ ነበር። አትቆጣም፤ ታነብና ትመልስልኛለች። ያኛው ተማሪ ስለ ስዊዘርላንዱ ሲጽፍ እሷ ትዝ አለችኝ። ባለሙያ ባይገኝ እንኳ የሚጠይቅ ሰው ያዙ።

መልስ፦ እማማ ከጅረን

ልጄ፣ በርቱ። የኔም ልጅ በዚሁ ነው ያለፈው። እኔ ስለ ስልኩ አላውቅም። ስለ ቤቱ ግን ልንገርህ። ያ ፍራሽ እዚያው ተነጥፎ፣ ያው ሰዓት ሲደርስ ያው ሰው እየመጣ፣ ጫቱ ብቻ ይቅር ማለት ከባድ ነው። እኔ በ8 ሰዓት ቡና አፈላለት ነበር፤ ጓደኞቹንም እጠራቸዋለሁ። ቆሎ ይዘው ሦስተኛው ድረስ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ተዋቸው ይተኙ። ያችን ሕፃን ደግሞ በምንም ምክንያት ከዚያ ክፍል አታስገቧት።

መልስ፦ ኮድ ጸሐፊው

በምስጢር በኩል ትንሽ ልጨምር። ሲመዘግቡህ ትክክለኛ ስምህን፣ የመሥሪያ ቤት ኢሜይልህን፣ ፎቶህን አትስጥ። የስልክህን አድራሻ ዝርዝር ልይ የሚል መተግበሪያ ከሆነ አጥፋው፤ ጫት ለመቀነስ የጓደኞችህ ቁጥር አያስፈልገውም። ስልኩን ቤተሰብ የሚጋራው ከሆነ የሚመጣውን መልእክት ከፊት ለፊት እንዳይታይ አድርግ።

ሌላ ደግሞ፣ ፕሮግራም ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ ሪሴት የሚባል ለሱስ ሕክምና በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መተግበሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የመንግሥት ፈቃድ አገኘ፤ የሠራው ኩባንያ በ2023 ከሰረ። እንዲህ ያለው እንኳ ከተቸገረ ሌላውን ማመን ይከብዳል። የምትጽፈውን ሁሉ ወረቀት ላይም ገልብጥ።

ጠያቂው ሲመለስ፦ መምህሩ ከሄርማታ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት አራታችንም ተቀምጠን መጠይቁን ሞላን። የኔ 19 ወጣ። የልጅቷ አባት 22። ሦስተኛው በጫቱ 24 ሲሆን መጠጡ ከሁላችንም ዝቅ ያለ ነው። አራተኛው በአልኮል 30 አለፈ። ወረቀቱን ሲያየው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «ብቻዬን አልሄድም» አለ። ሰኞ አብሬው እሄዳለሁ። ወረፋውን እኔው እይዝለታለሁ፤ የተማሪ ወላጅ ቢያየኝም ይየኝ።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከመካከላችን አንዱ እንግሊዝኛ አይገፋም፤ በአፋን ኦሮሞ ነው በደንብ የሚያነበው። እሱን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሲስተር

ጓደኛህን ይዘህ መሄድህ ደስ አሰኝቶኛል። እስከ ሰኞ በራሱ ፈቃድ በአንዴ እንዳያቋርጥ ንገረው። መንቀጥቀጥ ከጀመረው ሰኞን አትጠብቁ።

ለቋንቋው፣ ፕሮግራሙን ሁሉ መተርጎም አያስፈልጋችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሲስት ጋር ያዘጋጀው አጭር የራስ አገዝ መመሪያ አለ። የመጠቀምህን ጥሩና መጥፎ ጎን ጻፍ፣ የሚቀሰቅስህን ነገር ለይ፣ ግብ አስቀምጥ ነው የሚለው። አንተ አንብብለት፤ እሱ በራሱ ቋንቋ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ዓርብ ዓርብ እናንተው ተያዩ።

መምህሩ ከሄርማታ

እሺ ሲስተር። አራት ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ዛሬ ነው፤ የኔ መስመር እንዲህ ይላል፦ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ተኩል፣ አንድ ዙርባ፣ የተኛሁበት ሰዓት ገና። ነገ ጠዋት እሞላዋለሁ። የ6ኛው ሳምንት ቁጥር ሲደርስ፣ ያቋረጠ ካለም ቆጥሬ፣ የአራታችንንም እዚሁ አመጣለሁ።