ክርክር፦ ሾክ አብዞርበርና ሞላ ቤት ውስጥ መቀየር ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ባለጥያቄው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ያልተስማማንበትን ጉዳይ ላቅርብ። ሞላ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ጥቅልል ብረት ነው፤ ሾክ አብዞርበር (ባጭሩ ሾክ) ደግሞ የሞላውን መዝለል የሚያበርድ ነው። የመኪና ባለቤት የፊት ሾክ አብዞርበሩንና ሞላውን ግቢው ውስጥ ራሱ ይቀይር? ወይስ በሕግ ፈቃድ ላለው መካኒክ ብቻ ይተው? አቋማችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልኝ።

ራሴ እሠራለሁ፦ ይፈቀድ እንጂ! ሥራው ድብቅ ነገር የለውም። መኪናውን በክሪክ ታነሳለህ፣ በብረት መደገፊያ ታሳርፈዋለህ፣ ጎማውን ታወልቃለህ። የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦውን ከማሰሪያቸው ታላቅቃለህ። ከታች ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች፣ ከላይ ኮፈኑ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳዶዎች፤ አለቀ። የገዛ ቤተሰቡን የሚያሳፍርበትን መኪና ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው፣ ሰልፍ ከበዛበት ጋራዥ የተሻለ ይሠራል።

የጋራዥ ሰው፦ ወንድሜ፣ የዘረዘርከው ልክ ነው። ከባዱን ግን ዘለልከው። ሾኩ ከወጣ በኋላስ? ሞላው እኮ ሾኩ ላይ ታፍኖ ነው ያለው። የመኪናውን አንድ ማዕዘን፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ የሚሸከም ብረት ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይላላም። አፍና የያዘችው ከላይ በሦስቱ ዳዶዎች መሃል ያለችው ዳዶ ናት። ከሦስቱ ጋር አምታቶ ወይም ቸኩሎ እሷን ያለ መጭመቂያ የፈታ ሰው፣ ሞላው የላይኛውን ሰሃን ይዞ ይፈናጠርበታል። ዓይን ያጠፋል፣ እጅ ይሰብራል፣ ሊገድልም ይችላል።

ራሴ እሠራለሁ፦ ለዚህ እኮ ነው የሞላ መጭመቂያ የተሠራው። ይሸጣል፣ ይከራያል።

የጋራዥ ሰው፦ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ሁለት ረጅም ቡሎን ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ትይዩ መቀመጥ አለባቸው። እያፈራረቅክ፣ ጥቂት ዙር ጥቂት ዙር ታጠብቃለህ። አንዱ ከቀደመ ሞላው ይጎብጣል፣ መንጠቆው ይንሸራተታል። በአየር መፍቻ የሚያጠብቁም አሉ፤ የቡሎኑ ጥርስ ግሎ ይበላል። ካንተ በፊት የተከራየው ሰው ምን እንዳደረገበት ደግሞ አታውቅም። ጋራዥ ያለው ማሽን በደንብ ታስሮ የቆመ ነው፣ ሞላውን ዙሪያውን ይይዘዋል። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።

እግረኛዋ፦ እስካሁን የምትከራከሩት ስለ ሠሪው እጅ ነው። እኔ መኪና የለኝም። ልጅ ይዤ መንገድ የምሻገር ሰው ነኝ። ያልጠበቀ ቡሎን ይዞ የሚመጣ መኪና የሚገጨው እኔን ነው። «የኔ መኪና» የሚባለው ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው።

ራሴ እሠራለሁ፦ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። የክልከላውን ጉዳትም ግን እይልኝ። ጋራዥ መክፈል ያልቻለ ሰው መኪናውን አያቆምም፤ የሞተ ሾክ ይዞ ይነዳል። ሾክ ሲሞት ጎማው መሬት ላይ ይዘላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም። በተለይ ሸካራ መንገድ ላይ የማቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል። መጀመሪያ የሚያገኘው አንቺን ነው።

የቴክኒክ መምህር፦ ሁለት ሥራ ቀላቅላችሁ እየተከራከራችሁ ነው። አንዱ ሾኩን ከመኪናው ማውጣትና መመለስ ነው። ሌላው ሞላውን ከሾኩ መለየት ነው። የመኪና መሐንዲሱ ኧርል ማክፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የነደፈው አሠራር ሞላውን፣ ሾኩንና የጎማውን መዞሪያ በአንድ ዘንግ ላይ ስላሰባሰባቸው ነው እንደ አንድ ሥራ የሚታዩት። አሁን ግን ሞላው፣ ሾኩና የላይኛው ሰሃን ተገጣጥመው የሚሸጡበት ሙሉ ስብስብ አለ። እሱን የሚገጥም ሰው ሞላ አይነካም። የብዙ መኪኖች ኋላ ደግሞ ሾክና ሞላው ለየብቻ ናቸው። እዚያ የሚያስፈልገው የታችኛውን ክንድ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ብረት) በክሪክ መደገፍ ነው፤ ሾኩ ሲፈታ ክንዱ ወርዶ ሞላው እንዳይዘል። እኔ የመጀመሪያው ይፈቀድ፣ ሁለተኛው ለጋራዥ ይቅር እላለሁ።

የጋራዥ ሰው፦ በግማሹ እስማማለሁ። መጀመሪያው ላይም የማየው ስህተት ግን ቀላል አይደለም። የግራውን ብቻ ቀይሮ የቀኙን የሚተው አለ፤ በአንድ አክስል ላይ፣ ማለትም ፊት ለብቻ ኋላ ለብቻ፣ የግራና የቀኙ አብረው ነው የሚቀየሩት። የሾኩን ዘንግ በፒንሳ የሚይዝ አለ፤ ተጫረ ማለት ዘይት ማፍሰስ ጀመረ ማለት ነው። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠውን ክፍል) በፍሬን ቱቦው የሚያንጠለጥል አለ። የክንዱን ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ላይ ያለውን የላስቲክ ቁራጭ) የያዘውን ቡሎን ጎማው አየር ላይ እያለ የሚያጠብቅም አለ። መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ሳይቆይ ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ሳያስደርግ ይነዳል፤ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል።

እግረኛዋ፦ እነዚህን ስህተቶች ጋራዥ አይሠራቸውም?

የጋራዥ ሰው፦ ይሠራቸዋል። አልዋሽሽም።

እግረኛዋ፦ እንግዲያው ፈቃዱ እኔን አይጠብቀኝም። ሥራው ይመርመር እንጂ ሠሪው ለምን? ቤትም ይሠራ፣ ጋራዥም ይሠራ፣ መኪናው መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አላይመንቱና ቡሎኖቹ በሌላ ዓይን ይታዩ። በብዙ አገር ዓመታዊ ምርመራ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ግን ዓመት መጠበቅ የለበትም።

ባለጥያቄው፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን መርማሪው ቡሎን በልኩ መጥበቁን በዓይን ያውቃል?

የቴክኒክ መምህር፦ በዓይን አያውቅም። በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ አምራቹ መመሪያው ላይ በጻፈው ቁጥር መለካት አለበት። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዳንድ ቡሎን ደግሞ አንዴ ከተፈታ በአዲስ መተካት ያለበት ነው፤ አሮጌውን ምንም ብታጠብቀው አይታመንም። ስለዚህ ሠሪው የአዲሱን ቡሎን ደረሰኝ ይዞ ይቅረብ።

ራሴ እሠራለሁ፦ በምርመራው እስማማለሁ፣ ደረሰኙንም አመጣለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀራል። ሙሉ ስብስብ የማይገኝለት አሮጌ መኪና ያለው ሰው ምን ያድርግ? ሞላውን መለየት ሊኖርበት ነው።

የጋራዥ ሰው፦ መሃለኛዋን ዳዶ ቤት ውስጥ እንድትፈታ አልፈቅድልህም፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። መኪናውን ግን ማምጣት የለብህም። ሾኩን ከነሞላው አውጥተህ፣ አዲሱን ሾክ ጨምረህ ይዘህ ና። በማሽኑ እለይልሃለሁ፣ የሞላው ጫፍ መቀመጫው ውስጥ መግባቱን አብረን እናያለን። መልሰህ ቤትህ ትገጥመዋለህ።