የእርድ እንክብል አንጎልን ከአልኮል ያድናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ለዓመታት በየቀኑ ይጠጣል። ሰሞኑን መርሳት አብዝቷል፤ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። «አንጎልን ይጠብቃል» ብለውት የእርድና የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ገዝቷል። መጠጡን ግን አልቀነሰም። እውነት ይጠቅመዋል? በጣም ጨንቆኛል።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦ ወሬው ከመሬት አልተነሳም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንና በወይን ልጣጭ ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል፣ አልኮል በአይጦች አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲቀንሱ ታይቷል። ሰው ላይ ግን አልተረጋገጠም። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው።

ነርስ፦ እኔ ለጉበቱ ነው የምሰጋው። እርድ ወጥ ውስጥ ሲገባና ተጨምቆ በእንክብል ሲወሰድ አንድ አይደለም። የእርዱም ሆነ የአረንጓዴ ሻዩ እንክብል ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። የሚጠጣ ሰው ጉበት ደግሞ ድሮም ተጨናንቋል። ለጊዜው ያቁማቸው።

ጤና መኮንን፦ እህቴ፣ ዋናው ነገር ቫይታሚን ቢ1 ነው፤ ቲያሚን ይባላል። አንጎል ከስኳር ጉልበት የሚያገኘው በእሱ ነው። አልኮል አንጀት ቲያሚንን እንዳይመጥ ያደርጋል፤ የሚጠጣ ሰው ደግሞ በደንብ አይበላም። በሰውነት ውስጥ ያለው ክምችት በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። ሲያልቅ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ሦስቱም እስኪታዩ አይጠበቅም። ቶሎ ካልታከመ የማይመለስ የመርሳት ችግር ያስከትላል። ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ቲያሚን አላቸው፣ ግን እዚህ ደረጃ ለደረሰ ሰው በመርፌ ነው የሚሰጠው። ወንድምሽ አካሄዱ እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ሳይጠጣም ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ድካም መስሎኝ ነበር።

ጤና መኮንን፦ እንግዲያው ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የሚጠጣውን መጠን አትደብቂ። ቲያሚን ሳይሰጠው ጉሉኮስ ብቻ ቢገባለት ሊብስበት ይችላል። እንክብሎቹንም ከነዕቃቸው ያዢ።

ነርስ፦ አንድ ልጨምር። ተናደሽ ቤት ውስጥ በድንገት አታስቁሚው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊስት ይችላል። በሐኪም ክትትል ይቁም።

ሌላ አባል፦ አባቴ በሕክምና አቁሟል። ወራት ፈጅቷል፤ አሁን ግን ሐሳቡን ሰብስቦ ያወራል። አይዞሽ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ታክሲ ጠርቻለሁ፣ እየወጣን ነው።