ክርክር፦ ሩቅ ያለው የግል ትምህርት ቤት በሰርቪስ ወይስ ቅርብ ያለው የመንግሥት በእግር?

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ጀሞ

ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወር ያከራከረንን ጉዳይ እናንተም እዩልኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። የሚማረው ከሰፈራችን ርቆ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ነው። ሰርቪሱ ጠዋት 12:15 ይወስደዋል፣ ማታ 11:30 ይመልሰዋል። ወዲያው አስጠኚው ይመጣል። ከዚያ እራት፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ባለፈው ሳምንት ሰርቪሱ ተበላሽቶ ቀረ። እኔም አባቱም ሥራ ገብተናል። ልጄ የቤታችን በር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ጠበቀ። አጠገቡ ሱቅ አለ፣ ባለሱቋ ስልክ አላት። ሄዶ «ለእናቴ ደውዪልኝ» ማለት አልቻለም። ለምን ስለው «አላውቃትም» አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ በፊቷ አልፏል! እኔ በሱ ዕድሜ ወፍጮ ቤት ሄጄ፣ እህል አስፈጭቼ፣ መልስ ቆጥሬ እመጣ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከቤታችን በእግር ስምንት ደቂቃ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። ለከርሞ እዚያ ላስገባው አስቤያለሁ። አባቱ «ልጄን ወደ ኋላ አትመልሺው» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፣ ሲኤምሲ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ትክክል ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የታችኛዎቹ ክፍሎች በአብዛኛው በአማርኛ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል። የኔ የመጀመሪያ ልጅ እዚያ ላይ ተሰናክሏል። ባዮሎጂውን ሳይሆን ቋንቋውን ሲያነብ ነው ዓመቱ ያለቀው። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሱ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዓመቱ 3.2 በመቶ ሆነ። በዚህ ጊዜ ልጅ ሱቅ መላላክ እንዲለምድ ተብሎ ትምህርት ቤት ይቀየራል? ሱቅ ቅዳሜ ይላክ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት፣ 14 ዓመት ያስተማርኩ

ወንድሜ፣ ከወደቁት ውስጥ የግል ትምህርት ቤት ልጆችም ሞልተው ነበር። ያም ሆኖ ስለ እንግሊዝኛው አልከራከርህም፣ እውነትህን ነው። እኔም ክፍል ውስጥ 56 ተማሪ አለኝ። የሁሉንም ደብተር በየቀኑ አያለሁ ብል ውሸት ነው።

እናቲቱ ግን አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። የኔ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እጃቸውን ይዘው አስፋልት ያሻግራሉ። በ2012 የምገባው ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ለምግብ ተሰልፈው፣ ትንንሾቹን አስቀድመው፣ እጅ አስታጥበው ይበላሉ። እንግዳ ሲመጣ ቆመው ያናግራሉ። ይህን ሁሉ እኛ አላስተማርናቸውም። ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሥራ ነው ያስተማራቸው። ትምህርት ቤት ስትቀይሪ አብሮ የሚመጣ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ እዚህ መጥቶም ማታ ሞግዚት እግሩን የምታጥበው ከሆነ ያው ነው።

ሌላም አለ። አንዲት ተማሪዬ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ ትተኛለች። ጠርቼ ጠየቅኳት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ እናቷ የምትሸጠውን እንጀራ ትጋግራለች። 12 ዓመቷ ነው። ሰዎች እሷን ሲያዩ «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!» ይላሉ። እኔ ግን ደክሟት ስትተኛ ነው የማያት። ስለዚህ ችግርን እንደ ማሳደጊያ አታወድሱብኝ። ልጅ ሥራ ይኑረው፣ ግን በአቅሙ፣ እንቅልፉን ሳይወስድ።

አንዲት እናት፣ አየር ጤና

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ስምንት ደቂቃው ውስጥ አስፋልት አለ? በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ የሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሞተር ገጭቶት ሦስት ወር ተኝቷል። ለኔ ሰርቪስ ቅንጦት አይደለም።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ጀሞ

አንድ አስፋልት አለ። ዜብራ አለው፣ መኪናው ግን አይቆምም። የምፈራውም እሱን ነው። እግዚአብሔር ይማረው እህቴ።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኛ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ብቻቸውን በእግር ወደ ቤት ሲሄዱ ፖሊስ አስቆማቸው። በ2015 ደግሞ ልጆቹ እንደገና ተያዙ። ወላጆቹ በሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ተመረመሩ፣ በመጨረሻ ነጻ ቢወጡም። የሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን መተውን ይከለክላል እንጂ መንገድ ላይ መሄድን በስም አይጠቅስም። ፍርሃቱ ግን ከሕጉ ይበልጣል። የዩታ ግዛት በፈረንጆቹ 2018 ልጅ ብቻውን ቢሄድ፣ ቢጫወት ቸልተኝነት እንዳይባል ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች።

እህቴ፣ አንቺ ባለሱቅ አለሽ። እኔ ጎረቤቴን በስም አላውቀውም። ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ክረምት ደሴ አያቷ ጋ ላክኋት። ሁለት ወር ቆይታ ስትመለስ ሽሮ ትሠራለች። እኛ ቤት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባለ ወጥ ቤት አናስገባትም ነበር። አያቷ ግን ጉልቻው አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ «ነይ፣ አማስዪ» አለቻት። የመጀመሪያው ጓጎለ። በሉት አሉ፣ ሁሉም በላ። ስልክ ደውላ እያለቀሰች በደስታ ነገረችኝ። እሱን ድምፅ አልረሳውም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ባሕር ዳር

የ12ኛ ክፍል ፈተና በእኛ አቆጣጠር በ2014 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። እኔ ተፈታኞቹን ከተቀበሉት መምህራን አንዱ ነበርኩ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ለእናት አይደወልም። ከገጠር የመጡት ድርቆሽና በሶ ቋጥረው፣ አንሶላ ይዘው፣ ሦስት አራት ሆነው ተያይዘው ገቡ። ከከተማ ከመጡት ውስጥ ውጤታቸው የተመሰከረላቸው ልጆች አልጋ ማንጠፍ ያቃታቸው ነበሩ። አንዱ ልጅ ቁልፉን ዶርም ውስጥ ቆልፎበት ሁለት ሰዓት ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጥበቃው አሥር ሜትር ላይ ነበር። ሄዶ አልጠየቀውም።

እናቲቱ የጻፈችውን የባለሱቋን ነገር ሳነብ ያ ልጅ ነው የመጣብኝ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። «እርዱኝ» ብሎ የማያውቀውን ሰው መጠየቅ ቀርቶበት ነው ያደገው።

የሦስት ልጆች አባት፣ ሲኤምሲ

መምህር፣ ይህን እቀበላለሁ። የሁለተኛ ልጄም እንዲያ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ትምህርት ቤት በመቀየሩ ግን አሁንም አልስማማም። ቀኑ ይቀየር እንጂ። 12:15 ወጥቶ 11:30 የሚገባ ልጅ አስጠኚ ሲጨመርበት መቼ ነው ሰው የሚያየው? አስጠኚውን አስቀሪው። እኔም ከነገ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን አደርገዋለሁ።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ጀሞ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ለባለቤቴ አነበብኩለት። የዩኒቨርሲቲው መምህር የጻፉትን ሁለቴ አስነበበኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ ገና አልተስማማንም፣ እስከ ሰኔ እናስብበታለን። አስጠኚውን ግን ወደ ሁለት ቀን አውርደነዋል። ትናንት ልጄን ባለሱቋ ጋ ይዤው ሄጄ በስም አስተዋወቅኳቸው። ዛሬ ብቻውን ሄዶ ዘይትና ክብሪት ገዛ። መልሱ አምስት ብር ጎድሎ ነበር። «ተመለስና ጠይቃት» አልኩት። አሥር ደቂቃ በር ላይ ቆመ። ከዚያ ሄደ። ይዞትም መጣ።

ቅዳሜ አባቱ እስከ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ድረስ በእግር ይወስደዋል፣ መንገዱን ለማየት።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት፣ 14 ዓመት ያስተማርኩ

ቅዳሜ ሳይሆን በሥራ ቀን ጠዋት ይውሰደው። ትምህርት ቤት አካባቢ በመግቢያ ሰዓት የተማሪ ትራፊኮች ቆመው ያሻግራሉ። አባትየው እነሱ ዜብራው ላይ መኖር አለመኖራቸውን በዓይኑ ይይ። ከሌሉ ንገሪኝ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንዴት እንደምትነጋገሪ እነግርሻለሁ።