ኳስ ስናይ ችብስና ለስላሳው ይቅር? የደሴ ልጆች ክርክር

የሆጤው፦ ሰላም ጎበዝ። ዛሬ ስለ ተጫዋች ሳይሆን ስለምንበላው ነው የምጽፈው። ማክሰኞና ረቡዕ የሻምፒዮንስ ሊግ ሲኖር ተሰብስበን እናያለን። የመዋጮው ብር ተጠራርጎ የሚሄደው ግን ለችብስ፣ ለፓስቲና ለለስላሳ ነው። አውሮፓውያን ወደ ክረምት ሰዓታቸው ሲገቡ ጨዋታው እኛ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ሲያልቅ 7 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ያን ሁሉ ዘይትና ስኳር ይዘን በቀጥታ ወደ አልጋ! ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ጋሼዎችም አብረውን ነው የሚያዩት። ሳህኑ ፊታቸው ከተቀመጠ እጃቸውን አይሰበስቡም፤ እኛም አንሰበስብም። እኔ የምለው፣ ችብስና ለስላሳው ከመዋጮው ይውጣ። በምትኩ ቆሎ፣ ሽምብራና ፍራፍሬ ይግባ። ምን ትላላችሁ?

የቧንቧ ውሃው (የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ)፦ ወንድሜ፣ ወላሂ አልስማማም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ በሳምንት አንድ ሁለት ምሽት ነው ዘና የሚለው። እዚያም የጎረሰው የሚቆጠርበት ከሆነ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ለስላሳ የማይፈልግ ውሃ ይጠጣ፤ ማን ከለከለው? ደግሞ ድንች ምን አደረገ?

ነርሷ፦ ድንቹ ምንም አላደረገም። ጣጣው ዘይቱ ላይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሲጠበስበት የዋለ ዘይት ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ይሸታል። ያ የተበላሸ ዘይት ነው።

ለስላሳውን በቁጥር ልንገራችሁ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮካ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ። በሻይ ማንኪያ 8 መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ አዋቂ ሲሰላ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። እረፍት ላይ ሁለተኛውን የከፈተ ሰው 64 ግራም ጠጣ፤ የቀኑ ሻይ ሳይቆጠር።

"የማይፈልግ ይተው" የምትለው ይገባኛል። ግን ጨዋታ ላይ ሰው መርጦ አይበላም። ዓይኑ ቲቪው ላይ ነው፣ እጁ ሳህኑ ላይ። ያገኘውን ያነሳል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ሳህኑ ላይ ምን ይቀመጥ የሚለውን ነው መወሰን ያለብን።

የቧንቧ ውሃው፦ ይኼኛውስ ልክ ነው። ግን ቆሎውም ጨው በጨው ሆኖ ነው የሚሸጠው። ለውዝም ቢሆን ዝም ብሎ ሲዘገን ቀላል አይደለም።

ነርሷ፦ እውነትህን ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለውዝ ደግሞ 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው። ስለዚህ ገብስና ሽምብራው ይብዛ፣ ለውዙ ጣል ጣል ይደረግ። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ለውዝ ግን አትብሉ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል።

ኳስ የማሳየው፦ የኔንም ስሙኝ። እናንተ በመዋጮ ነው፣ እኔ እንጀራዬ ነው። መግቢያው የመብራትና የዲሽ ክፍያውን እንኳ አይሸፍንም። የሚደጉመኝ ለስላሳው ነው። ሳጥኑን አምጥተው ያወርዱልኛል፣ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። ሙዝና ፓፓያ ግን ጨዋታ በሌለበት ሦስት ቀን ካደረ ኪሳራው የኔ ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦ ጋሼ፣ ቆሎ እኮ ያድራል! እናቴ ቆሎ ትሸጣለች። ቆልታ ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጠዋለች፤ እርጥበት ካልነካው ምንም አይሆንም። በጅምላ ወስደው በስኒ እየሰፈሩ ቢሸጡት ያዋጣዎታል። የለስላሳ ዋጋ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፣ ብዙ መጨመር አይችሉም። የስኒ ቆሎ ዋጋ ግን በእርስዎ እጅ ነው።

ኳስ የማሳየው፦ አብሽሪ፣ ቆሎውን እሞክረዋለሁ። ለስላሳውን አወጣለሁ ግን አልልም።

የሐይቁ፦ እኔ ንፍሮም ይግባ ባይ ነኝ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ኳስ የሚያየው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው። ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ ሲመጣ የማን እርድ ነው የሚል ነገር አለ። ረቡዕ ደግሞ ጾመኛ አለ። ሽምብራና ስንዴ ንፍሮ ቢቀርብ ማንም እጁን አያጥፍም።

የቧንቧ ውሃው፦ ችብስም እኮ ጾም ነው። ንፍሮን ደግሞ ብትተወው ይሻላል፤ ለብዙ ሰው ለቅሶ ቤት ነው የሚያስታውሰው።

የሐይቁ፦ እኛ ቤት ከቡና ጋርም ይበላል። ካልተወደደ ግን ሽምብራ ቆሎው ይበቃል።

የኮምቦልቻዋ፦ ችብስ ለሚወዱት እኔ የምሠራበትን ልንገራችሁ። ድንቹን በደንብ አጥባችሁ ከነልጣጩ ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡ። ውሃ ውስጥ ለግማሽ ያህል ይብሰል። አጥልሉትና በሁለት ማንኪያ ዘይትና በትንሽ በርበሬ እሹት። ምጣድ ላይ ሳይደራረብ ደርድራችሁ አክንባሎውን ድፉበት። አንዴ ገልብጡት። ዳር ዳሩ ቀልቶ ኮሽ ኮሽ ሲል ይወጣል። ዘይት ውስጥ ሲዋኝ ከዋለው ድንች በጣዕም አያንስም፣ እኔ እንዲያውም ይበልጥብኛል።

ሽምብራ ቆሎ ደግሞ ችኮላ አይወድም። ተነክሮ ይደር፣ ከዚያ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ውሃው ይምጠጥ። እንደረጠበ ምጣድ ላይ ከወጣ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ድንጋይ ይሆናል። ንፍሮ ለሚያስብም መንከሩ ግድ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ሳይነከር የተጣደ ሽምብራ ከሰል ይፈጃል እንጂ ቶሎ አይበስልም።

የሆጤው፦ የምንጠጣውስ?

ነርሷ፦ ውሃ በሎሚ። ብርድ ነው ካላችሁ ዝንጅብል ሻይ፣ ስኳሩ ለየራስ ይቅረብ። ቡና በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ይነሳል፤ ነገ ሥራ አለ።

የቧንቧ ውሃው፦ እሺ፣ ድንቹ በኮምቦልቻዋ አሠራር ይሁን፤ እኔ እቀቅላለሁ። ለስላሳው ፈጽሞ ይቅር የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ጎን ለጎን ይቅረብ፣ ሰው ይምረጥ።

የሆጤው፦ ጎን ለጎን ከቀረበማ ሁሉም ለስላሳውን ነው የሚያነሳው፤ ነርሷ የነገረችን እሱን አይደል? ለስላሳ ያማረው ከኪሱ ይግዛ፣ ማንም አይቆጣውም። የጋራ ብራችን ግን ስኳር ላለባቸው ጋሼዎች ጭምር የሚሆን ነገር ይግዛ። ረቡዕ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እጅ እናውጣበት።