ጉጉት ከነበረበት ኮርኒስ ደም መጣጭ እየወረደብን ነው፣ ምን ላድርግ?

የቢቸናው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጆቼ ሦስት ሌሊት አልተኙም፤ አንገታቸው በንክሻ ቀልቶ አብጧል። ማታ በባትሪ ስፈልግ ከኮርኒሱ ስፌት አንዷ ትራስ ላይ ዱብ አለች፤ ምስር የምታህል፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ። ስጨፈልቃት ደም ሆነች። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ከላዩ የጉጉት ጎጆ አለ። ምን ልርጭበት?

ንብ አርቢው፦ ማላታይን እርጭበት፣ አለቀ።

እትዬ ከደጀን፦ ወንድሜ፣ ጉጉት ቤት ላይ ስትጮህ ደግ አይደለም ሲባል ነው ያደግነው። መጀመሪያ እሷን አስወጣ።

መምህር ከሞጣ፦ እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ጉጉቷ ምንም አላጠፋችም፤ አይጣችንን የምትለቅምልን እሷ ናት። ቤት ጣሪያ ላይ የምትገባዋ ነጭ ፊት ጉጉት ጭራሮ አትሰበስብም፤ የምትፈለፍለው ራሷ በተፋችው የአይጥ ፀጉርና አጥንት ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ቁንጫም የትኋን ዘመድም ይራባል። ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ዝንብም አለች፤ ጫጩት ስታገኝ ክንፏን ጥላ ደሙን ትመጣለች፣ ላባ ሲያወጣ ትተወዋለች። ይቺኛዋ ሰው አትፈልግም። ያንተዋ ግን የትኋን ወገን ትመስላለች።

ገብስማ፦ በጉጉቷ አታላክኩ። ትኋን ከሆነ ከአልጋህ ነው። የፍራሹን ስፌት እየው።

የቢቸናው፦ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ጉጉቷ እኮ አሁን የለችም። ጫጩቶቹ በርረው ሲሄዱ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈንኩት፤ ሳምንት ሆነው።

ንብ አርቢው፦ ማላታይን አልኩህ እኮ።

ጤና ኤክስቴንሽን፦ ሳምንት ሆነው? ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው! ወፏን ሲያጡ ርቧቸው ወደ ልጆችህ ወረዱ። ትኋን ሳይበላ ወራት ስለሚቆይ ብትጠብቀው አይለቅህም። ማላታይኑን ተወው፤ በጆንያው ተንጠባጥቦ ልጆቹ ላይ ይወርዳል። ዛሬ ሌላ ክፍል አስተኛቸው። ነገ አፍንጫህን ሸፍነህ፣ አቧራው እንዳይነሳ ጎጆው ላይ ውሃ አርከፍክፈህ ሁሉንም በከረጢት ሰብስብና ከቤት አርቀህ አቃጥል። ጆንያውንም አንሶላውንም የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፍ። ያከኩት ቦታ ካመረቀዘ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው።

እትዬ ከደጀን፦ ጉጉቷስ ተመልሳ ብትመጣ የት ትግባ?

መምህር ከሞጣ፦ ከቤቱ ራቅ ያለ ዛፍ ላይ የእንጨት ሳጥን ቢሰቅልላት ትገባበታለች።

ገብስማ፦ እሺ፣ የአልጋውን ነገር ተሳስቻለሁ። ጆንያውን ከመዘፍዘፍህ በፊት ግን ስፌቱን ፍታው፤ እንቁላሉ የሚጣበቀው እዚያ ነው።

ጤና ኤክስቴንሽን፦ የቢቸናው፣ ነጋ እኮ። ልጆቹ ተኙ?